ሁለቱን ነጥብ ማን ወሰዳቸው?

ሰፈራችን አንድ ዳኛ አለው። ችሎት የለውም፣ ካባ የለውም፣ ከሱ በላይ ይግባኝ ሰሚም የለም። ያለው ኤርፎንና ስልኩ ውስጥ የሠራው ሰንጠረዥ ነው። ማታ አንድ የቆየ አልበም ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዳምጣል፤ በማግስቱ እትዬ ሻይ ቤት ብቅ ብሎ ፍርዱን ያነባል። ፍርዱ ከአሥር ነው፤ ሙሉ ቁጥር ግን ብዙም አይወድም። ብዙውን ጊዜ ሰባት ብሎ አይተውም፣ ሰባት ነጥብ አራት ይላል። ነጥብ አራቷ የምን ናት ሲሉት «የስሜት» ብሎ ይመልሳል። ስሜቱን እንዲህ በአሥረኛ ሸንሽኖ የሚያውቅ ሰው እስካሁን ሳያገባ መቅረቱ አይገርምም።

እኔ የተመደብኩት እሱን ለማናደድ ነው። ደመወዝ የለውም፤ ሻይ ግን አለው፣ እሱም በዱቤ።

ጥግ ላይ ጋሼ አሉ። በጃንሆይ ጊዜ ከደመወዛቸው ቀንሰው ሸክላ ይገዙ የነበሩ ሰው ናቸው። አሁን ጋዜጣ ያነባሉ፤ ማለቴ፣ ጋዜጣውን ፊታቸው ላይ ዘርግተው የእኛን ጨዋታ ይሰማሉ። እዚህ የማነሳው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ጋሼ ከሚሉት በቀር። እሳቸውን ደፍሮ የሚያርም ካለ ይምጣና ያርም።

ጠቡ የተጀመረው በ«ቼ በለው» ነው። የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ ሥራ፣ 1977።

«ስምንት ከአሥር» አለ ዳኛው፣ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል።

«ሁለቱን ማን ወሰዳቸው?»

«ዋና ድምፃዊ የለውም።»

«ነበረው እኮ! ግጥሙ ሳንሱር ቤት ወረፋ ላይ ሆኖ ነው።»

ቀልዴን ነው። ግን ቀልዱ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። በደርግ ጊዜ ግጥም ሕዝብ ጆሮ ከመድረሱ በፊት የሹም ዓይን ያየው ነበር። ያለ ቃል የተጫወተን ሳክስፎን ግን በየትኛው ስንኙ ይሰርዙታል? «ሙዚቃዊ ስልት»ን የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ኦርጋኑና ነፋሾቹ እየተቀባበሉ የሚሉትን ሁሉ ይላሉ፣ ምስክር ሆኖ የሚቆምባቸው ቃል ብቻ የለም። ደግሞ ባንዱን ተመልከቱ። ኦርጋን ላይ ኃይሉ፣ ፒያኖ ላይ ግርማ በየነ፣ በእንግድነት ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ ከነቫይብራፎኑ። እንዲህ ዓይነት ሰዎች በተሰበሰቡበት «ዘፋኙስ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይፈልጋል። ዳኛው እሱ አያንሰውም።

«እሺ፣ ይደጋገማል» አለ፣ ክሱን ቀይሮ።

«ሊደጋገም ግድ ነው። የሚጫወቱት እስኪነጋ ነበር።»

ዋልያሶች የሒልተን ባንድ ነበሩ። ከተማው ሰዓት እላፊ ነበረበት፤ ሰዓቱ ካለፈ መንገድ ላይ መገኘት በሕይወት መቀለድ ነው። ስለዚህ ለመዝናናት የገባ ሰው ገባ፤ በር ይዘጋል፣ እስኪነጋ መውጣት የለም። ሙዚቀኛውም እንደ እንግዳው እዚያው ታጉሯል። አንድን ዜማ ሦስት ደቂቃ ተጫውቶ «አመሰግናለሁ» ብሎ የሚወርድበት መድረክ አልነበረም። ዜማውን እያሹ፣ እየዞሩበት፣ ለሳክሱ ሰጥተው ከሳክሱ እየተቀበሉ ነው ሌሊቱን የሚገፉት። ድግግሞሽ ያልከው እሱን ነው አልኩት።

ዳኛው ሻዩን አማሰለ። እንዲህ ሲያማስል ፍሩት።

«ታዲያ ሰዎቹ የሰሙት ተቆልፎባቸው ነዋ። እኔ የሰማሁት በፈቃዴ ነው። የእኔ ስምንት ከእነሱ ጭብጨባ ይበልጣል።»

ጋዜጣው ዝቅ አለ። «እኛ ተቆልፎብን ጨፈርን» አሉ ጋሼ፣ «አንተ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልህ ቁጭ ብለህ ትቆጥራለህ።» ጋዜጣው ተመልሶ ወጣ።

የሙላቱ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ፍርዱ ቶሎ አለቀ። ሰባት ነጥብ ዘጠኝ።

«ምን ጎደለው?»

«አጭር ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ።»

«ሰውዬው ጅማ ተወልዶ፣ ዌልስ ተምሮ፣ ለንደን ተሻግሮ፣ ቦስተን በርክሊ ገብቶ፣ በ1972 ኒውዮርክ ላይ ያወጣልህ ሥራ አጠረህ? መንገዱን ጨምረህ ቁጠረዋ!»

እዚህ ላይ ዳኛውን ልተርበው አስቤ የተውኩት ነገር አለ። ሙላቱን ያወቀው በአሜሪካ በኩል ነው። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 ባወጡት ዘፈን ውስጥ የሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ተቆርጦ ገብቷል፤ ዳኛው መጀመሪያ ቁራጩን ወደደ፣ ቀጥሎ ባለቤቱን ፈለገ። በዕድሜ ከሱ የሚበልጡት ደግሞ በጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም፣ በ2005 ነው የመጡት። የተውኩት አዝኜለት አይደለም፤ እኔም በዚያው በር ከገቡት መካከል የማውቀው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። ሙላቱ የላቲኑን ኮንጋ ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ቅኝት ጋር ማጋባት የጀመረው በ1966 ነው፤ ኒውዮርክ ላይ ባወጣቸው ሁለት «አፍሮ ላቲን ሶል» ሸክላዎች። እኛ ደጃፍ ላይ የነበረውን ሰው ሆሊውድ ዞሮ እስኪያመጣልን ጠበቅን፤ አሁን ደግሞ አጭር ነው እንላለን።

ከዚያ የሸክላው ዘመን መጣ፤ ነገሩም ከረረ።

ዳኛው «ኢትዮፒክስ» ቁጥር አንድን ይዞ ቀረበ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ ፓሪስ ላይ ያወጣው የተከታታዩ የመጀመሪያ ክፍል ነው።

«ሰባት ነጥብ አንድ። ዘፈኖቹ በየግላቸው ጥሩ ናቸው። እንደ አልበም ግን ቅንጅት ይጎድለዋል። አንድ ሐሳብ የለውም። የሸክላው ጫጫታም አለ።»

እኔ አፌን ሳልከፍት ጋዜጣው ወደቀ። ታጠፈ እንኳ አይደለም፤ ወደቀ።

«ልጄ፣ ና እስቲ ቀረብ በል። ቅንጅት ነው ያልከው?»

«አዎ ጋሼ፣ ቅንጅት…»

«ሙሉቀን መለሰ፣ ተሾመ ምትኩ፣ ሰይፉ ዮሐንስ፤ ሁሉም በየራሱ ቀን፣ በየራሱ ባንድ የቀዳው ነው። እንዴት አድርገው ይቀናጁልህ? የኪነት ቡድን አደረግኻቸው እንዴ?»

ጋሼ ያሉት ነው ጉዳዩ። ያን ጊዜ «አልበም» የሚባለው ነገር የባለጠጋ ነገር ነበር። ሕዝቡ የሚገዛው ትንሿን ሸክላ ነው፤ በፊቷ አንድ ዘፈን፣ በጀርባዋ አንድ ዘፈን፣ አለቀ። የአምሃ እሸቴ «አምሃ ሬከርድስ» ከ1969 እስከ 1975 ያወጣው መቶ ሦስት ትንንሽ ሸክላ ሲሆን ትልልቁ ደርዘን ቢሆን ነው። ዛሬ በአንድ ሽፋን ተጠቅልሎ «ክላሲክ አልበም» ተብሎ የሚቀርበው አብዛኛው ከነዚያ ትንንሾች የተለቀመ ነው። ለቃሚው ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ሰው ነው። ዳኛው ቅንጅት ብሎ የቀነሰው ነጥብ ከፋልሴቶ እንጂ ከሙሉቀን ኪስ መውጣት አልነበረበትም።

ጫጫታው ደግሞ የባሰ ነው፤ ሸክላው መታተሙ ራሱ በድፍረት ነው። በ1940ዎቹ የወጣ የንጉሥ ድንጋጌ ሸክላ ማሳተምን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ የዘመኑን ወጣት ዘፈን አያሳትምም፤ ሌላው ሰው ደግሞ እንዳያሳትም ድንጋጌው ይዞታል። አምሃ ሙዚቃ ቤት ነበረው፤ ሸክላ ከውጭ እያስመጣ ይሸጣል። ደንበኛ ሁሉ የውጭውን ዘፈን እየገዛ የሀገሩን ልጆች ለመስማት ክለብ መሄድ አለበት። ሰውዬው ድንጋጌውን እያወቀ አለፈውና ዓለማየሁ እሸቴን ቀዳ። አገር ውስጥ ማተሚያ የለም፤ ቴፑን ወደ ሕንድ ላከ፣ በኋላ ወደ ሊባኖስ። ሸክላው ታትሞ ሲመለስ ሰው ተሰልፎ ገዛው።

«አየህ» አሉ ጋሼ፣ «ሰውዬው እስር ቤት ሊያስገባው በሚችል ነገር ላይ ገንዘቡን አፈሰሰ። አንተ ጫጫታ ብለህ ቀነስክበት። ጫጫታው እኮ የእኔ ነው! ስንት ጊዜ እንዳጫወትኩት ታውቃለህ? መርፌው እስኪደነዝዝ ነው!»

«ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ጊዜ ስለሰሙት የእኔ ጆሮ መቀጣት አለበት?»

«አለበት! ስንሰማው የት ነበርክ?»

«አልተወለድኩም።»

«እሱስ ስንት ነጥብ ያስቀንሳል?»

እትዬ ከጓዳ ሳቁ። የእትዬ ሳቅ ሻይ ቤቱ ውስጥ ብቸኛው የታወቀ የፍርድ ውሳኔ ነው።

ዳኛው ግን ደንጊያ ነው፣ አይሰበርም። ስልኩን ገልብጦ አሳየን። የታወቀው የአሜሪካ ሙዚቃ መጽሔት፣ ሮሊንግ ስቶን፣ አምስት መቶ ታላላቅ አልበሞችን በተራ አስቀምጧል። «ዓለም የሚሠራው እንዲህ ነው» አለ። «እነሱ ሲሆኑ ዕውቀት፣ እኔ ስሆን ድፍረት ይሆናል።»

«ማን ነው አንደኛው?»

«ማርቪን ጌይ። ‹ዋትስ ጎይንግ ኦን›።»

«ድሮስ?»

እዚህ ላይ ዝም አለ፤ ያውቀዋላ። በ2003 ዝርዝር አንደኛው የቢትልሶቹ «ሳርጀንት ፔፐር» ነበር። በ2020 እንደገና ሲጠየቅ ማርቪን ጌይ አንደኛ ወጣ፤ «ሳርጀንት ፔፐር» ሃያ አራተኛ ላይ ተገኘ። ሸክላው ውስጥ አንዲት ኖታ አልተነካችም። የተለወጠው ድምፅ የሚሰጠው ሰው ነው፤ ዕድሜው፣ ሰፈሩ፣ የቆዳው ቀለም።

«መጽሔቱ አሥራ ሰባት ዓመት አስቦ ሐሳቡን ቀየረ» አልኩት። «አንተ በአንድ ሌሊት ትወስናለህ፤ ደግሞ በነጥብ ቤት።»

«እሱስ ነጥብ ቤት ስለሌለው ነው ሃያ ሦስት ደረጃ የወደቀው። እኔ ብሆን ቀስ አድርጌ ነበር የማወርደው።»

ይኼ ልጅ አንዳንዴ ይጥመኛል።

ኃይሉ መርጊያ እንደገና መጣ፣ በ1985ቱ «ሸሞንሟናዬ»። ስድስት ነጥብ ዘጠኝ።

ታሪኩን ለማታውቁት፦ ዋልያሶች በ1981 አሜሪካ ሊጫወቱ ሄዱ፤ ከፊሎቹ እዚያው ዋሽንግተን ቀሩ። ኃይሉም አንዱ ነው። ብቻውን አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ በልጅነቱ የተማረውን አኮርዲዮን አነሳ፤ ከሥሩ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን አስቀመጠና ሙሉ ካሴት ሠራ። ከዚያ ታክሲ መንዳት ያዘ፤ ደላስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመዳል። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ለቃሚ ባሕር ዳር ላይ ያንን ካሴት አገኘው፤ ባለቤቱን አፈላልጎ በ2013 እንደገና አወጣው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን ጨመረ።

«ስድስት ነጥብ ዘጠኝ?» አልኩት። «ታክሲ ነድቶ እየተለማመደ ለኖረ ሰው?»

«ታክሲው የሙዚቃው አካል አይደለም። ሐዘኔታ ሌላ፣ ዜማ ሌላ። ሹፌር ስለሆነ ነጥብ የምጨምር ከሆነ፣ ሚኒስትር ስለሆነም ልጨምር ነዋ።»

እውነቱን ነው። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ስለዚህ ታክሲውን አወረድኩትና አኮርዲዮኑን ያዝኩ።

«ምኑ ነው ያልጣመህ?»

«ድራም ማሽኑ። ደረቅ ነው። ሕይወት የለውም።»

«ደረቅነቱ እኮ ነው አኮርዲዮኑን ያስተነፈሰው! ሙሉ ባንድ ቢኖር አኮርዲዮኑ ከሳክስ ጋር ሲጋፋ ይውል ነበር። እዚህ ማሽኑ እንደ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሟል፤ አይገባም፣ አይወጣም። አኮርዲዮኑ ቤቱን ብቻውን ይዞ እንደፈለገ ይንጎራደዳል። ያገሩን ዜማ ሰው በሌለበት ክፍል እንዲህ ያንጎራጎረ ካሴት ሌላ ካለህ አምጣ።»

ዳኛው ኤርፎኑን ጆሮው ላይ አደረገ። ትንሽ ሰማ። አወለቀ።

«ሰባት።»

«ነጥብ አንዷ የምን ናት?»

«የዘበኛው።»

አልበም እያዳመጡ ነጥብ መስጠት ከዚህ በላይ ጥቅም የለውም ብዬ ባስብም፣ ይኼንን ጥቅም ግን አልክድም። ሰውዬው ጆሮውን መለሰው።

የሚቀጥሉትን በጥድፊያ ልለፋቸው። የአስቴር አወቀ «ካቡ»፣ 1991፣ ስምንት ነጥብ ሦስት አገኘ፤ እትዬ ከጓዳ «አስቴርንማ አትንካ» ስላሉ ወዲያው ስምንት ነጥብ ሰባት ሆነ። ይግባኝ ሰሚ የለም ያልኩትን ሰርዙልኝ። የቴዎድሮስ ካሳሁን «ኢትዮጵያ»፣ 2017፣ በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣው፣ ጭራሽ አልተዳኘም። እትዬ ከለከሉ። «ያን ከዚህ ውጪ ስጥ። ብርጭቆ ስንት እንደገባ ታውቃለህ?»

የእጅጋየሁ ሽባባው «ጂጂ»፣ 2001፣ ዘጠኝ ነጥብ አንድ። ደስ አለኝ፤ ምክንያቱን እስክሰማ ድረስ።

«ኸርቢ ሃንኮክ አለበት። ዌይን ሾርተር አለበት። ፋሮ ሳንደርስ አለበት።»

«እጅጋየሁስ አለችበት?»

«እንዴ፣ አልበሙ የሷ ነው!»

«አይ፣ ስሟን ስላልጠራህ ነው። የጃዝ አዛውንቶች «ዓድዋ» የሚለውን ዘፈኗን ሊሰሙ ከመጡ፣ ክብሩ የአስተናጋጇ ነው ወይስ የእንግዶቹ?»

ግርማ በየነ ላይ ግን እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ስልሳ ከሚያልፍ የዘመኑ ዘፈን ቅንብር በስተጀርባ የነበረ፣ ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ቀርቶ ነዳጅ ማደያ የሠራ፣ ለዓመታት ከሙዚቃ የራቀ ሰው፣ በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባሉ ፈረንሳውያን ጋር ተመልሶ መጣ። ዳኛው ግማሽ ነጥብ ቀንሶበታል።

«ለምን?»

«አንዳንድ ቦታ ስህተት አለ።»

«የአልበሙን ስም አንብብልኝ።»

«‹ሚስቴክስ ኦን ፐርፐዝ›።»

«አንዴ ደግመህ፣ ጋሼ አልሰሙም።»

ሲደግመው ጆሮው ቀላ። ሰውዬው ሆን ብዬ ነው ያጠፋሁት ብሎ ሽፋኑ ላይ አስጽፎ ዳኛው ጥፋት አገኘሁ ብሎ ይመጣል። ግማሿ ነጥብ እዚያው ተመለሰች።

ይሁንና ዳኛው ባዶ እጁን አልሄደም። ቀኑን ሙሉ ስንተርበው ውሎ በመጨረሻ የተናገራት ነገር እስካሁን ትቆረቁረኛለች።

«እናንተ ወርቃማ ዘመን ትላላችሁ» አለ። «ከወርቃማው ዘመን የምታውቁት አራት ዘፈን ነው፤ አራቱንም ሠርግ ላይ። እኔ የካሴቱን ለ ጎን የመጨረሻዋን ዘፈን እሰማለሁ። ማንም የማይደርስባትን። እናንተ ሁሉም ጥሩ ነው ትላላችሁ፤ ሁሉም ጥሩ ነው የሚል ሰው አንዱንም አልሰማም።»

ልክ ነው። አዲስ አልበም ሲወጣ ሬዲዮኖቻችን ምን ይላሉ? ባለ አልበሙ ይጋበዛል፣ ስንት ዓመት እንደፈጀ ይጠየቃል፣ ግጥምና ዜማ የሰጡት ይመሰገናሉ፣ ሁለት ዘፈን ይለቀቃል፣ ቻው። ሦስተኛዋ ዘፈን ደካማ ናት የሚል ጋዜጠኛ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቤዙ ከዜማው ጋር ተጣልቷል የሚል? ሙገሳችን የለቅሶ ቤት ሙገሳ ነው፤ ሟቹ ሁሉ ደግ። ዳኛው ቢያንስ ያዳምጣል፤ ያውም እስከ ጥግ። የእኔ ጠብ ከመዳኘቱ ጋር አይደለም፤ ከመቀነሱ ጋር ነው። የሚቀንሰው ከማን ላይ እንደሆነ አያይም። ቴፑ ያረጀበትን ከዘፋኙ ይቀንሳል፤ ፓሪስ የሰበሰበውን ከአዲስ አበባ፤ የሰዓት እላፊውን ከሳክሱ፤ የራሱን ርካሽ ኤርፎን ደግሞ ከቤዝ ጊታሩ። ሁሉም ባለዕዳ ተከፍሎለት ሙዚቀኛው ብቻ ይከፍላል።

ጥላሁን ገሠሠን ሲያነሳ ግን እትዬ ብርጭቆዎቹን ወደ ጓዳ አስገቡ።

«ኢትዮፒክስ ቁጥር አሥራ ሰባት» አለ ዳኛው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰባት… ነጥብ ስምንት።»

ጋሼ ተነሡ። ቁመታቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ለጥላሁን ሰጠኸው ወይስ ጥላሁን ላንተ ሰጠህ?»

«ጋሼ፣ ዘፋኝ እኮ ነው፣ ንጉሥ አይደለም።»

«የክቡር ዘበኛ ሰው ሆኖ ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ታስሮ ነበር። እስር ቤቱ እንኳ ለቀቀው። አንተ ግን ሰባት ነጥብ ስምንት ላይ አሰርከው!»

«ታዲያ ስንት ልስጠው?»

«አትስጠው! ተቀበል!»

ዳኛው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሰንጠረዡ ላይ የጥላሁን ረድፍ እስካሁን ባዶ ነው፤ አይቻለሁ።

ቀረ አንድ። «ኧረ መላ መላ»። ዳኛው ለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘጋጅ ነበር።

«ማህሙድ አህመድ። 1986። ስምንት ነጥብ ስድስት። ለ1986 ድምፁ ትንሽ ያረጀ ነው።»

«1986 ምን ሆነ?»

«የወጣበት ነው። ክራምድ ዲስክስ፣ ብራሰልስ።»

«ብራሰልስ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። የተቀዳው በ1975፣ አዲስ አበባ፣ ከአይቤክስ ባንድ ጋር፣ በካይፋ ሬከርድስ። አንተ እኮ ሰውዬውን ዕድሜው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ጨምረህ ጡረታ አወጣኸው።»

ጋሼ ጣልቃ ገቡ። «እኔ ሸክላውን የገዛሁት በ68 ነው።»

«ጋሼ፣ በ68 አይቤክስ ባንድ ገና አልተመሠረተም» አለ ዳኛው፣ በእርግጠኝነት።

አየነው። እሱም አየን። ቀስ እያለ ገባው፤ ሰባት ስምንት እያለ በጣቱ ቆጠረ።

ጋሼ ከዚህ በኋላ አልራሩለትም። ማህሙድ ጫማ ጠርጎ ማደጉን፣ አሪዞና ክለብ በጉልበት ሥራ ተቀጥሮ ሳለ አንድ ምሽት ዘፋኝ ቀርቶ መድረኩ ላይ መውጣቱን፣ ከዚያም ክቡር ዘበኛ መግባቱን ተረኩለት። ከዚያ ቀጥታ ገበያው ውስጥ ገቡ።

«ዘጠኝ ተኩል አድርገው።»

«ጋሼ፣ አይቻልም። ስምንት ነጥብ ስምንት።»

«ዘጠኝ ተሩብ። ለዕድሜዬ ብለህ።»

«ዕድሜ አይቆጠርም ብለናል። ዘጠኝ።»

«የመጨረሻ ዋጋ?»

«የመጨረሻ። አይቤክስ ባንድ ውስጥ ዘመድ ስላለዎት ነው እንዴ?»

«ማህሙድ ዘመዴ ነው። የሁሉም ዘመድ ነው። ዘጠኝ ነጥብ አንድ በለውና እንለያይ።»

«ይሁን፣ ውሰዱት። ለሌላ ሰው ግን እንዳይናገሩ፤ በዚህ ዋጋ ለማንም አልሰጠሁም።»

እትዬ በዚህ መሐል ጠረጴዛው ላይ ቆመዋል። የዱቤ ደብተራቸው ተገልጧል።

«ዳኛ፣ የሳምንቱ ሒሳብህ መቶ ሰባ ነው።»

«ከስንት?»

«ከኪስህ።»